ከሪ፣ አለን ወይስ ከር? ለአንድ የባሕር ዳር ወጣት የሦስት ነጥብ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «ሰላም አሰልጣኝ። ቅርጫት ኳስ የምንጫወተው ባሕር ዳር ነው፣ ከጣና ብዙም በማይርቅ የሲሚንቶ ሜዳ ላይ። በሦስት ነጥብ ከሁሉ የሚበልጠው ማን ነው በሚል ሠፈሩ ለሁለት፣ ኧረ ለሦስት ተከፍሏል። አንዱ ከሪ ነው ይላል፤ አንዱ ሬይ አለን ነው ይላል፤ አንዱ ደግሞ በመቶኛ የሚበልጠው ስቲቭ ከር ነው ብሎ ሙጭጭ ብሏል። እርስዎ ይፍረዱን። ሌላው፣ እኔ 17 ዓመቴ ነው፤ የምወረውረው በቀኝ እጄ ነው። ፍሪ ትሮው (ነጻ ውርወራ) ደህና አገባለሁ። ከሦስት ነጥብ መስመሩ ውጭ ስወረውር ግን ኳሷ ወይ ሪንጉ ጋ ሳትደርስ ትወድቃለች፣ ወይ በግራ በኩል ትወጣለች። የማንን አወራወር ልከተል?»

ምላሽ፦

የጠየቅኸው ሁለት ነገር ነው፤ የሁለቱም መልስ አንድ ሰው አይደለም። የሚበልጠው ስቴፈን ከሪ ነው። አንተ አሁን ልትከተለው የሚገባህ ግን ከሪም፣ አለንም፣ ከርም አይደሉም፤ ለዓመታት ከከሪ ጋር አብሮ የተጫወተው ክሌይ ቶምፕሰን ነው። ለምን እንደሆነ በየተራ እንየው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ስቲቭ ከር ያለው ጓደኛህ ቁጥሩን አልተሳሳተም። ከር በኤንቢኤ (በአሜሪካው የፕሮፌሽናል ሊግ) 15 የውድድር ዘመን ተጫውቶ ከሦስት ነጥብ መስመር ውጭ 1,599 ጊዜ ወረወረ፤ 726ቱን አስገባ። 45.4 በመቶ ማለት ነው፤ በሊጉ የሕይወት ዘመን ሠንጠረዥ ላይ ከዚህ በላይ የተቀመጠ የለም። ጓደኛህን ግን አንድ ነገር ጠይቀው፦ በአንድ ጨዋታ ስንት ጊዜ ወረወረ? 1,599ን ለተጫወተባቸው 910 ጨዋታዎች አካፍለው፤ ሁለት እንኳ አይሞላም። እሱም ቢሆን በቺካጎ ጆርዳንና ፒፐን፣ በሳን አንቶኒዮ ደግሞ ደንከን ተከላካዮቹን ሲስቡለት ብቻውን ቆሞ የተቀበላት ኳስ ናት የምትበዛው። በዚያ ላይ ከ1994 እስከ 1997 በነበሩት ሦስት የውድድር ዘመናት የሊጉ መስመር ወደ 6.70 ሜትር ቀርቦ ነበር፤ ከር ራሱ 52.4 በመቶ ያስገባው በዚያ ጊዜ ነው።

አሁን ይህን ከጎኑ አስቀምጠው። በ2015–16 የውድድር ዘመን ከሪ 886 ጊዜ ወርውሮ 402 አስገባ። መቶኛው ሲሰላ 45.4 ይመጣል፤ የከር የዕድሜ ልክ መቶኛ ራሱ። ልዩነቱ፣ ከር በ15 ዘመን ከወረወረው ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ከሪ በአንድ ዘመን መወርወሩ ነው፤ ያውም በ7.24 ሜትር መስመር፣ ያውም ተከላካይ ፊቱ ላይ ተለጥፎበት። (ከር እና ከሪ ስማቸውም ያምታታል። በ2014 የጎልደን ስቴት አሰልጣኝ ሆኖ ከሪን የተረከበው ይኸው ከር ነው፤ ከጓደኛህ ጋር ይከራከር ይሆን የሚለውን ለእናንተ እተወዋለሁ።)

ቁጥር ብቻውንም አይበቃም። ጄምስ ሃርደን በ2018–19 በአንድ ዘመን 378 አስገብቷል፤ ከከሪ 402 በታች ቢሆንም ሌላው ሰው የማይደርስበት ነው። ግን 378ቱን ለማግኘት 1,028 ጊዜ መወርወር ነበረበት፤ ከ37 በመቶ በታች ነው። ስለዚህ መለኪያው ሦስት ነገር በአንድ ላይ ነው፦ ስንት ገባ፣ ከስንት ውስጥ ገባ፣ እንዴት ባለ ሁኔታ ተወረወረ። አንዱን ለይቶ የያዘ ሁሉ የፈለገውን ሰው አንደኛ ማድረግ ይችላል። ሠፈራችሁን የከፈለውም ይኸው ይመስለኛል።

ሦስተኛው መለኪያ ላይ ከሪ ከማንም ይለያል። ኳስ እስኪቀበል አይጠብቅም፤ ራሱ አንጥሮ፣ ራሱ ቦታ ፈጥሮ፣ አንድ እግሩ ገና ሳይረጋ ይለቃታል። በየካቲት 2016 ከኦክላሆማ ሲቲ ጋር በጭማሪ ሰዓት ውጤቱ 118 ለ118 ሳለ ከ11 ሜትር በላይ ርቆ የለቀቃት ኳስ ገብታ 121 ለ118 አለቀ፤ በዚያ ምሽት 12ኛው ሦስት ነጥብ ነበረች። ከዚያ ወዲህ ተከላካዮች ከሜዳው መሐል ጀምረው ይይዙት ጀመር። አንድ ሰው ያን ያህል ርቆ ሲያዝ የቀሩት አራቱ የሚጫወቱት ከአራት ጋር በሰፊ ሜዳ ነው፤ ይህ በየትኛውም መቶኛ ውስጥ አይታይም። አለን በ1,300 ጨዋታ ያስመዘገበውን 2,973 ሦስት ነጥብ ከሪ ያለፈው በ789ኛ ጨዋታው ነው፤ ታኅሣሥ 14 ቀን 2021፣ ኒው ዮርክ ላይ። መጋቢት 13 ቀን 2025 ደግሞ 4,000 ደረሰ። እዚህ ላይ የፓሪሱን ኦሊምፒክ ፍጻሜ አስታውስ፤ ነሐሴ 2024፣ በእኛ ሰዓት ምሽት 4፡30 የጀመረውን። ፈረንሳይ እየተጠጋች ሳለ በመጨረሻዎቹ ሦስት ደቂቃዎች አራት ሦስት ነጥብ አስገብቶ 98 ለ87 አለቀ። የዚያ ሜዳ መስመር 6.75 ሜትር ነበር፤ እናንተ ልትወረውሩበት ከሚገባው ጋር አንድ ነው።

ሬይ አለን ያለውም ሞኝ አይደለም። ሰኔ 18 ቀን 2013፣ ስድስተኛው የኤንቢኤ ፍጻሜ ጨዋታ፤ አለን የሚጫወትለት ማያሚ በሦስት ነጥብ ተመርቶ ሳን አንቶኒዮ ዋንጫውን ሊወስድ ሰከንዶች ቀርተዋል። የቡድን ጓደኛው ሌብሮን ስቶ ሌላው ጓደኛው ቦሽ ሪባውንዱን (ተመልሳ የወጣችውን ኳስ) ያዘ። አለን ፊቱን ወደ ኳሱ እንዳደረገ ወደ ኋላ እየረገጠ ወደ ቀኝ ኮርነር (የሜዳው ጥግ) ሄደ፤ መስመሩን ዝቅ ብሎ አላየም። ተቀበለ፣ ለቀቀ፣ 5.2 ሰከንድ ሲቀር 95 ለ95። ያንን ርምጃ ከዓመታት በፊት ጀምሮ መሬት ላይ ተጋድሞ፣ ብድግ ብሎ፣ የኋሊት ወደ ኮርነር እየሮጠ ይለማመደው ነበር። በኤንቢኤ ኮርነር ላይ በመስመሩና በሜዳው ጠርዝ መካከል ያለው 91 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ተረከዝ ጠርዙን ከረገጠ ኳሱ ይነጠቃል፣ ጣት መስመሩን ከነካ ሁለት ነጥብ ይሆንና ጨዋታው በአንድ ነጥብ ይጠፋል። በአወራወር ንጽሕና፣ በዝግጅት፣ በጭንቅ ሰዓት ጸጥታ አለንን የሚበልጥ አይታየኝም። በብዛትና በአስቸጋሪነት ግን ከሪ አለፈው።

ከእነርሱ ቀጥሎ ክሌይን አስቀምጣለሁ፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ። ሬጂ ሚለር 2,560 አስገብቷል፤ ያን ጊዜ ስክሪን ለስክሪን (ተከላካይን ከሚጋርዱለት ጓደኞቹ ከአንዱ ወደ ሌላው) ሲሮጥ ተከላካዩ በእጁ እንዲይዘው ይፈቀድ ነበር፤ በ1995 ኒው ዮርክ ላይ በ9 ሰከንድ ገደማ 8 ነጥብ ያገባውም እሱ ነው። ካይል ኮርቨር በ2009–10 ያስመዘገበው 53.6 በመቶ ለአንድ ዘመን ከፍተኛው ነው። ላሪ በርድ ከ1986 እስከ 1988 የመጀመሪያዎቹን ሦስት የኤንቢኤ የሦስት ነጥብ ውርወራ ውድድሮች በተከታታይ ወሰደ፤ ድራዜን ፔትሮቪች በ1993 በመኪና አደጋ ባይሞት 43.7 በመቶው የት ይደርስ ነበር የሚለው ያስቆጫል። የእነዚህን የቀድሞዎቹን ብዛት ከዛሬው ጋር ማስተያየት ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። መስመሩ ወደ ኤንቢኤ የገባው በ1979 ሲሆን በዚያ ዓመት አንድ ቡድን በጨዋታ 3 ያህል ብቻ ነበር የሚወረውረው፤ አሁን ከ35 በላይ ሆኗል። ከሴቶች ዳያና ቶራሲ በ1,447 ሦስት ነጥብ የአሜሪካ ሴቶች ሊግ መሪ ናት። ሳብሪና ዮኔስኩ ደግሞ በ2023ቱ የሴቶቹ የሦስት ነጥብ ውርወራ ውድድር ከ40 ነጥብ 37 አግኝታለች፤ ይህን ያህል በወንዶቹም አልታየም።

ክርክሩ እዚህ ይብቃ። አሁን ወደ አንተ።

ሪንጉ ጋ አለመድረስና በግራ መውጣት ሁለት ችግር መስለውህ ይሆናል። የአንድ ችግር ሁለት ፊት ናቸው። ከፍሪ ትሮው መስመር እስከ ሪንጉ መሐል በወለል 4.20 ሜትር ያህል ነው፤ ከሦስት ነጥብ መስመር 6.75። በአንድ ዓይነት ቅስት ለመወርወር ኳሷ የምትፈልገው ጉልበት በግማሽ ያህል ይጨምራል። ይህን ጭማሪ እግርህ ካልሰጠ ሰውነትህ ከሌላ ቦታ ይፈልገዋል፦ ቀኝ ትከሻህ ወደፊት ይወረወራል፣ ወገብህ ወደ ግራ ይዞራል፣ ክርንህ ወደ ውጭ ይከፈታል። ክርን ሲከፈት ክንድህ ኳሷን ወደ ፊት ሳይሆን ከቀኝ ወደ ግራ አሻግሮ ይገፋታል። በግራ ወጣች ማለት ይህ ነው። ታንኳ ቀዛፊም በክንዱ ብቻ ከቀዘፈ ደሴቱ ጋ ሳይደርስ ይዝላል፣ ታንኳውም ይጠመዘዝበታል። በቀኝ በኩል ብትወጣ ኖሮ ሌላ ነገር እጠረጥር ነበር፦ የደጋፊው የግራ እጅ አውራ ጣት በመጨረሻ ሰዓት ኳሷን ሲነካት ነው ወደ ቀኝ የምትሄደው።

ስህተቱ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ እወቀው። ሪንጉ 45 ሳንቲ ሜትር፣ ኳሷ 24 ያህል ናት። ሪንግ ሳትነካ እንድትገባ ከመሐሉ በየጎኑ ያለህ 10 ሳንቲ ሜትር ተኩል ነው። ከ6.75 ሜትር ላይ ይህ አንድ ዲግሪ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ «ትንሽ ወደ ቀኝ ላነጣጥር» ብለህ አታስተካክላትም። ክርንህ ክፍት ሆኖ ዒላማህን ብታዞር ዛሬ ትገባለች፣ ነገ በቀኝ ትወጣለች። መስተካከል ያለበት ጉልበቱ የሚነሣበት ቦታ ነው።

ከዚያ ቀጥሎ ቅስት። ጉልበት ያጠረው ልጅ ኳሷ እንድትደርስለት ዝቅ አድርጎ በቀጥታ ይመታታል፤ ይህ ደግሞ ቀዳዳውን ያጠብበታል። ኳሷን በ40 ዲግሪ ከለቀቅሃት ሪንጉ ጋ በ30 ዲግሪ ትደርሳለች፤ በዚያ ማዕዘን ስታይ የሪንጉ ክፍተት ወደ 22 ሳንቲ ሜትር ተኩል ይጠብባል፣ ከኳሷ ያንሳል፤ ሪንግ ሳትነካ መግባት አትችልም። በ45 ከለቀቅሃት በ37 ገደማ ትወርዳለች፤ ትርፉ 3 ሳንቲ ሜትር ነው። በ52 ከለቀቅሃት በ45 ገደማ ትወርዳለች፤ ትርፉ 8 ሳንቲ ሜትር። በዓይንህ የምትለካው እንዲህ ነው፦ የኳሷ ከፍተኛ ቦታ ከሪንጉ በላይ አንድ ሜትር ተኩል ያህል መድረስ አለበት፤ ማለትም ከቦርዱ የላይኛ ጠርዝም በላይ። ከጎን ቆሞ የሚያይ ጓደኛ ወይም ስልክ ይበቃል።

ለዚህ ነው ክሌይን እይ ያልኩህ። ጥቅምት 29 ቀን 2018 ቺካጎ ላይ በአንድ ጨዋታ 14 ሦስት ነጥብ አስገብቷል፤ በ2016 ደግሞ ኢንዲያና ላይ 60 ነጥብ ሲያገባ በጠቅላላው ኳሷን ያነጠራት 11 ጊዜ ብቻ ነው። ሥራው በሙሉ ኳሷ ሳትመጣ በፊት ያልቃል። ቪዲዮውን ስታይ ኳሷን አትመልከት፣ ጉልበቱን ተመልከት፦ ፓሱ አየር ላይ ሳለ ጉልበቱ ታጥፏል፣ ወገቡ ዝቅ ብሏል፣ እጆቹ ደረቱ ጋ ተከፍተው ይጠብቃሉ። ኳሷን ይዞ በኋላ የሚጎነበስ ሰው አንድ ጊዜ ይጎነበሳል፣ አንድ ጊዜ ይረሳዋል፤ ስለዚህ አንዷ ትደርሳለች፣ ሌላዋ ታጥራለች።

ከሪን ሙሉ በሙሉ የማላዘው ስለማያምር አይደለም። እሱ ኳሷን የሚለቃት ወደ ላይ እየዘለለ ሳለ ነው፤ ከእግር እስከ እጅ አንድ እንቅስቃሴ ነው፤ አለን ግን ወደ ላይ ወጥቶ፣ ጫፍ ላይ ሲደርስ ነው የሚለቃት። የአለን ዓይነቱ ከፍተኛ ዝላይ ይፈልጋል፤ ለ17 ዓመት ልጅ ከሩቅ ይከብዳል። ከዚህ አንጻር ጊዜውን ከከሪ ውሰድ፦ እግርህ መሬቱን ሲገፋና ክንድህ ሲዘረጋ መሐል ላይ ማቆሚያ አይኑር። እግሩን ከክሌይ፣ ጊዜውን ከከሪ። የተረፈውን የከሪ ጥበብ፣ አንጥሮ ወደ ኋላ መሸሹንና በአንድ እግር መልቀቁን፣ ለቴሌቪዥን ተወው። ከሪ ራሱም ቢሆን ከአንተ ባነሰ ዕድሜው ኳሷን ከወገቡ አካባቢ ነበር የሚያስወነጭፋት። በኤንቢኤ 16 ዘመን ተጫውቶ 1,245 ሦስት ነጥብ ያስገባው አባቱ ዴል አንድ ክረምት ሙሉ አወራወሩን ከፍ እንዲል አስቀየረው፤ ልጁ በዚያ ክረምት ከቅርብ ርቀት በስተቀር መወርወር አቅቶት ነበር። አንተም ለጥቂት ሳምንት ይብስብሃል፤ አትደንግጥ።

ብዙ አሰልጣኝ «ኳሷን አታውርዳት፣ ከተቀበልክበት ላይ ወርውር» ይላል። ለቅርብ ርቀት ልክ ነው፣ ለሩቅ አይሠራም። ደረትህ ላይ ተቀብለህ ወደ እምብርትህ ገደማ ጥቂት ዝቅ አድርገህ ብታነሣት ክንድህና እግርህ አብረው ይነሣሉ፤ ያን የጎደለህን ጉልበት የምታገኘው ከዚያ ነው። የዘመኑን ሩቅ ወርዋሪዎች አንድ በአንድ ብታይ አብዛኛው ያወርዳል። ዝቅ ስታደርጋት ግን በቀኝ ጎንህ በኩል ይሁን እንጂ ወደ ግራ ዳሌህ አትውሰዳት፤ ከግራ ተነሥታ ወደ ቀኝ ትከሻህ ስትሻገር ጎናዊ ሽክርክሪት ትይዛለች።

እግርህን በትከሻህ ስፋት ክፈት፤ ቀኙ ግማሽ ጫማ ያህል ይቅደም። ጣቶችህ ወደ ሪንጉ ቀጥ ብለው ሳይሆን ጥቂት ወደ ግራ ይመልከቱ፤ እንዲህ ስትቆም ቀኝ ትከሻህና ክርንህ ሳይጨነቁ ከሪንጉ ጋር አንድ መስመር ላይ ይገባሉ። ኳሷ በጣቶችህ ላይ ትረፍ፤ መዳፍህ መሐል ጣት የሚያሾልክ ክፍተት ይኑር። የምትለይህ ከሌባ ጣትህና ከመሐል ጣትህ ጫፍ ነው። ከለቀቅሃት በኋላ ክርንህ ከዓይንህ በላይ ይቅር፣ አንጓህ ይንጠልጠል፣ ሪንጉ ጋ እስክትደርስ አታውርደው። የግራ እጅህ ኳሷ ስትለቀቅ መዳፉ አሁንም ወደ ቀኝ እንዳየ ይሁን፤ ወደ ሪንጉ ከዞረ ገፍቷታል ማለት ነው።

ሽክርክሪቱን ለማየት በኳሷ ወገብ ዙሪያ የኤሌክትሪክ ፕላስተር ጠቅልልና ፕላስተሩ ወደ ሪንጉ እንዲያመለክት አድርገህ ያዛት። ስትለቃት ፕላስተሩ ቀጥ ያለ መንኮራኩር መስሎ ወደ ኋላ ከተሽከረከረ ደህና ነህ። ከተንገዋለለ ክርንህ ወይም አውራ ጣትህ ሠርቷል።

ከዚህ በፊት ግን ሜዳውን አጣራ፤ የውጭ ሜዳ ብዙ ጊዜ ያታልላል። በሜትር ለካው፦ ከወለሉ እስከ ሪንጉ የላይኛ ጠርዝ 3.05 ሜትር ነው፤ ከፊትም ከኋላም። ልጆች የሚንጠለጠሉበት ሪንግ ፊቱ ይጎነበሳል፤ ውሃ ልክ ብታስቀምጥበት ወዲያው ይታያል። ፊቱ በ5 ሳንቲ ሜትር የወረደ ሪንግ ላይ የለመደ ልጅ ዝቅ ያለ ቅስት ይለምዳል፤ ትክክለኛ ሜዳ ላይ ሲሄድ ሁሉም የሪንጉን ፊት ይመታበታል።

መስመሩ ከጠፋ እንዲህ አስምረው። ከሪንጉ መሐል ቱንቢ አንጠልጥልና ወለሉ ላይ ምልክት አድርግ፤ ይህ ነጥብ ከሜዳው የኋላ መስመር 1.575 ሜትር መሆን አለበት። ከዚያ ነጥብ 6.75 ሜትር ሲባጎ ወጥረህ በጠመኔ ቅስቱን አዙር፤ ልኩ እስከ መስመሩ የውጭ ጠርዝ ነው። በኮርነር ግን ቅስቱ አይቀጥልም፦ ከሁለቱ የጎን መስመሮች 90 ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ገብተህ ቀጥታ መስመር ከኋላ መስመሩ እስከ 2.99 ሜትር አስምር፤ እዚያ ላይ ከቅስቱ ጋር ይገናኛል። ሜዳው ሙሉ 15 ሜትር ስፋት ከሌለው የጎን መስመሩን ሳይሆን ከሪንጉ መሐል ያለውን ርቀት እመን፤ ኮርነር ላይ 6.60 ነው። ብዙ የሠፈር ሜዳ ላይ የሚታየው 6.25 ሜትሩ መስመር ከ2010 በፊት የነበረው ነው፤ እሱ ላይ ለምደህ ወደ ውድድር ብትሄድ በግማሽ ሜትር ታጥራለህ።

ኳሷ ለወንድ 7 ቁጥር፣ ለሴት 6 ቁጥር ናት። አየሯን ለመፈተን የኳሷ ታች 1.80 ሜትር ላይ እንዲሆን ይዘህ ልቀቃት፤ ስትነጥር የላይኛ ጫፏ ከ1.20 እስከ 1.40 ሜትር መሐል መድረስ አለበት። ፀሐይ ላይ የዋለች ኳስ ትወጠራለች፣ ጠዋት ደግሞ ልል ትሆናለች፤ ስለዚህ በምትለማመድበት ሰዓት ፈትናት። ቆላ ተነፍታ የመጣች ኳስ ባሕር ዳር ስትደርስ ከልክ በላይ ትጠነክራለች፤ ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ስለሆነ የውጩ አየር ይሳሳል። ጥቂት ማስተንፈስ ነው። የሚያብረቀርቅ፣ ጉጥጉጡ የጠፋ የላስቲክ ኳስ ግን አንጓህን ያበላሻል፤ ለመንጠር ልምምድ አቆየው።

ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የሚነሣው ነፋስ ሌላው ጣጣ ነው። 4 ሜትር ተኩል ከፍ የምትል ኳስን በጎን ሲገፋት አንድ ዲግሪ ምንም አይደለም። ነፋስ ላይ ዒላማህን እያዞርህ አትለማመድ፤ ሰውነትህ የሚለምደው ማዞሩን ነው። የሩቁን ጠዋት ከ12፡30 እስከ 2፡00 ባለው ጸጥታ ወርውር። ከሰዓት ከሆነ ቅርብ ርቀት፣ እግርና መቀበል ላይ ሥራ። በክረምት እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ደግሞ መዝለል ቁርጭምጭሚት መፈለግ ነው፤ ጠርገህ ካልደረቀ ግድግዳ ላይ ፓስ እየመታህ አቀባበልህን አሠራ።

ልምምዱ በሳምንት አራት ቀን፣ በየቀኑ አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃል። መጀመሪያ ከሪንጉ 1.5 ሜትር ላይ ቆመህ በቀኝ እጅ ብቻ 30 አስገባ፤ ወረወርኩ ሳይሆን አስገባሁ ብለህ ነው የምትቆጥረው፣ ሪንግ የነካችውን ተዋት። ከዚያ በሁለት እጅ ከ3 ሜትር 30። ቀጥሎ ከፍሪ ትሮው መስመር ጀምረህ ከ10 ውስጥ 7 ስታስገባ አንድ ጫማ ወደ ኋላ ሂድ፤ ከ10 ውስጥ 5 ሳትሞላ ከቀረህ አንድ ጫማ ተመለስ። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት 6.75 ላይደርስ ይችላል፤ አታታልል። የጓደኛ ዓይን የሚያስፈልገው እዚህ ነው፦ እግርህ ሳይጎነበስ የለቀቅሃትን ብትገባም እንዳይቆጥርልህ አድርግ።

መስመሩ ላይ ስትደርስ ከአምስት ቦታ፣ ከሁለቱ ኮርነር፣ ከሁለቱ ክንፍና ከመሐል፣ ከየቦታው 10 ጊዜ ወርውር፤ በደብተር ጻፈው። ያጠሩትን፣ በግራ የወጡትንና በቀኝ የወጡትን ለየብቻ ቁጠር፤ መሳትህን ብቻ ከጻፍህ ደብተሩ ምንም አይነግርህም። እዚህ ላይ ብዙ ልጅ የሚሰናከልበት ነገር አለ። 40 በመቶ የሚችል ሰው ከ50 ውርወራ አንድ ቀን 14፣ ሌላ ቀን 26 ሊያገባ ይችላል፤ ችሎታው ግን አልተቀየረም፣ ዕድል ነው የሚወዛወዘው። በ14ቱ ቀን አወራወሩን የሚቀይር ሰው ሲቀያይር ይኖራል። 500 ሲሞላ ነው ቁጥሩን የምታምነው፤ ያኔ የዕድሉ ውዝዋዜ ከ36 እስከ 44 በመቶ መሐል ይጠብባል። በ2018 የኤንቢኤ ምዕራብ ምድብ ፍጻሜ ሰባተኛ ጨዋታ ላይ በሦስት ነጥብ ላይ የተመሠረተው ሂውስተን በተከታታይ 27 ስቶ ነው የወደቀው፤ ጥበቡን በአንድ ሌሊት ረስቶት አይደለም።

ያለ ተከላካይ ከ10 ውስጥ 6 ካልደረስህ በጨዋታ ከ3 ያነሰ ነው የምታገኘው፤ እስከዚያ ድረስ በጨዋታ ከኮርነር ብቻ ወርውር፣ 15 ሳንቲ ሜትር ይቀርባል። ደክሞህ የወረወርካቸውን ለብቻ ጻፍ፦ አምስት ጊዜ ከጫፍ ጫፍ ሮጠህ ወዲያው 10። ትኩስ ሆነህ የምታገባው 6፣ ደክሞህ 2 ከሆነ የጎደለህ አወራወር አይደለም፣ እግር ነው፤ በሳምንት ሁለት ቀን ስኳት (ቁጭ ብድግ) በ3 ዙር 15 ጊዜ ጨምር።

በስድስተኛው ሳምንት ላይ የማጠሩ ቁጥር ወርዶ የግራው እዚያው ከቀረ ስልኩን ከጀርባህ፣ ከቀኝ ትከሻህ ትይዩ፣ በወገብ ከፍታ አቁመህ 20 ውርወራ ቅረጽ። ክርንህ ከቀኝ ጉልበትህ መስመር ወደ ውጭ የሚወጣው ኳሷን ስታነሣ ከሆነ አያያዝህን ተመልከት፤ እጅህ ከኳሷ ሥር ሳይሆን ከጎኗ ገብቷል። የሚወጣው በመጨረሻ፣ ልትለቃት ስትል ከሆነ ግን አሁንም ጉልበት እየተበደርክ ነው፤ አንድ ጫማ ወደ ሪንጉ ተመለስ።